አካል በምን ይተመናል? የአዋቂ ምስክርነት ከዲያ እስከ ፍትሐ ብሔር ሕግ

በመስቀል ፍላወር መንገድ አንድ ሙስሊም አናጺ በመኪና ተገጭቶ ቀኝ እጁን አጣ እንበል። የካሳ ክሱ የሚቀርበው ለመደበኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስደው አይችልም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲዎች ፍርድ ቤት አዋጅም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የሸሪዓ ዳኝነትን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍ፣ በስጦታና እነዚህን በመሳሰሉ ጉዳዮች ወስነውታል። የዲያ ሕግ በአዲስ አበባ ችሎት አይሠራም ማለት ነው። ዳኛው የሚገጥመው ጥያቄ ግን ፉቀሃ ለዘመናት የተመራመሩበት ነው፤ የጠፋ አካል በምን ይተመናል? ተማኙስ ማን ነው?

ለዐምር ኢብን ሐዝም በተላከው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ለነፍስ 100፣ ለአንድ ዓይን 50፣ ለአንድ እጅ 50፣ ለእያንዳንዱ ጣት 10፣ ለጥርስ 5 ግመል ተወስኗል። ይህ ዝርዝር ሁሉንም ቁስል ስለማያካትት ፉቀሃ ለቀረው ጉዳት «ሑኩማ» የተባለውን ስሌት አበጁ። ተጎጂው ባሪያ ቢሆን ኖሮ ከጉዳቱ በፊትና በኋላ የሚያወጣው ዋጋ ይነጻጸርና ልዩነቱ በዲያው መጠን ይሰላል። መለኪያው የባሪያ ገበያ የነበረበት ዘመን ነውና ዛሬ ልንቀበለው አንችልም። ከሥሩ ያለው አሳብ፣ ማለትም የሰውን ሁኔታ ከጉዳቱ በፊትና በኋላ በአዋቂ ማስመዘን፣ ግን ዛሬም የካሳ ስሌት ሁሉ መነሻ ነው።

የአዋቂው ቦታም በፊቅህ የታወቀ ነው። በ620 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢብን ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተባለው መጽሐፋቸው የዓይን ብርሃን መጥፋቱ ሲያከራክር ጉዳዩ ለአህሉል ኺብራ፣ ማለትም ለሙያው አዋቂዎች፣ እንደሚመራ ይገልጻሉ። ብርሃኑ ደክሞ እንደሆነም አንዱን ዓይን በየተራ በመሸፈን ሁለቱ የሚያዩት ርቀት ይለካል። ከአዋቂው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ዐዳላ፣ ማለትም ታማኝነት፣ ይጠበቃል።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። አንቀጽ 2092 መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እንዲካስ ያዝዛል፤ ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ደግሞ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅዳል። የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 136 ፍርድ ቤት ልዩ አዋቂ እንዲሾም ሥልጣን ይሰጣል።

የሐኪሞች ቦርድ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ይገልጻል። ይሁንና መቶኛው ስለ ሥጋ እንጂ ስለ እንጀራ አይናገርም። ያው የጠፋ እጅ ለአናጺው የሙያው መጨረሻ ሲሆን ለመምህሩ ላይሆን ይችላል። ስለሆነም ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ ስለ ሥራ ገበያ፣ ስለ ቀሪ የሥራ ዘመንና ስለ ዕድሜ ልክ ሕክምና ወጪ የሚመሰክር ሌላ አዋቂ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው የኦግደን ሠንጠረዥ ዳኞች የወደፊት ገቢን በአንድ ጊዜ ክፍያ እንዲያሰሉ ያግዛል። እንዲህ ያለ መስፈሪያ በሌለበት በርትዕ መወሰን ለመጨረሻ የታሰበው መንገድ የመጀመሪያው እንዲሆን ያጋልጣል። በእርግጥ አዋቂ ማቅረብ ወጪ አለው፤ ሁለት ተከራካሪዎችም የየራሳቸውን አዋቂ ቢያመጡ እውነቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚሾመው ልዩ አዋቂ ከፊቅሁ የዐዳላ መስፈርት ጋር የሚቀራረበውም ስለዚህ ነው።

የቀረው የገንዘቡ ዋጋ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዲያ በወርቅ 800 ዲናር እንደነበር፣ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ግን «ግመል ተወድዷል» ብለው ወደ 1,000 ዲናር እንዳሳደጉት በአቡ ዳውድ ሐዲስ ተዘግቧል። የግመሉ ቁጥር አልተነካም፤ የተስተካከለው ምንዛሪው ነው። በአንጻሩ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የወሰነው ከፍተኛ ካሳ በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ነበር፤ ጽሑፉ አሁንም ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ቁም ነገር የነበረው ገንዘብ ዛሬ ለአናጺው የሐዘን መግለጫ እንኳ አይሆንም። ዲያን ወደ ችሎት እንመልስ አንልም። ሆኖም የተወሰነ ካሳ ከገበያው ጋር ካልታደሰ ተበዳዩን ዳግመኛ እንደሚበድል ዑመር (ረ.ዐ.) አስቀድመው ተረድተውታል፤ ሕግ አውጪያችንም ከዚህ ትምህርት ቢወስድ ይገባዋል እንላለን።