ይመገባሉ እንጂ አይበሉም

«ሲስተር፣ እህቴ እህል ከቀመሰች ስድስት ቀኗ ነው። በጉሉኮስ ብቻ እስከ መቼ ትቆያለች?»

አክስቴን ስትሮክ በመታት ሰሞን እናቴ ተረኛዋን ነርስ የጠየቀችው ነው። ነርሷ በአክስቴ አፍንጫ የገባውን ቀጭን ቱቦ የያዘውን ፕላስተር እያደሰች «ማዘር፣ አይበሉም እንጂ ይመገባሉ» አለቻት። እናቴ ግራ ገባት። በእኛ ቤት «ይመገቡ» ማለት «ይብሉ»ን በአክብሮት መናገር ነው፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው አያውቁም። እኔ ግን ያቺ መልስ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። የቃላቱን ሥር ስመረምር ነርሷ ሳታስበው ትክክለኛውን ነገር እንደ ተናገረች ገባኝ።

«በላ» የግእዙ «በልዐ» ነው። ዕብራይስጥና ዐረብኛ ይህንኑ ሥር ይዘው «ዋጠ» ይሉበታል። በእኛ ዘንድ ቃሉ ከማዕዱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ለጉሮሮው ሥራ ብቻ ከግእዙ «ውኅጠ» የመጣው «ዋጠ» አለን። «መገበ» ግን ሌላ ቤት ነው። በግእዝ አስተዳደረ፣ ተንከባከበ፣ የሚያስፈልገውን አቀረበ ማለት ነው። መጋቢ በጌታው ንብረት ላይ የተሾመ፣ ለቤተሰቡ ቀለቡን በጊዜው የሚሰፍር ሰው ነው፤ «መጋቤ ሐዲስ»ና «መጋቤ ምሥጢር» የሚሉት ማዕረጎችም ከዚያው የወጡ ናቸው። ምግብ እንግዲህ በሥሩ የተሰፈረ፣ የቀረበ ነገር ነው፤ በአፍ ይግባ በሌላ መንገድ ቃሉ አይወስንም። ስትሮኩ ከአክስቴ የነጠቀው መዋጥን ነበር። ውሃ ስትጎነጭ ትን ይላታል፤ ያ ትን ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። መመገብን ግን አልነጠቃትም።

የእናቴ «ጉሉኮስ» ራሱ ታሪክ አለው። ሥሩ ጣፋጭ የሚለው የግሪክ ቃል ነው። እኛ አገር በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሁሉ፣ ጨውም ይሁን ስኳር፣ ጉሉኮስ ይባላል፤ ቤተሰብም በሽተኛው «በጉሉኮስ እየበላ» ይመስለዋል። አንድ ሊትር አምስት በመቶ ጉሉኮስ የያዘው ስኳር 50 ግራም ያህል ነው፤ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ነርሷ በአፍንጫ ቱቦ ማስገባቷ ስለዚህ ነበር።

ቱቦ የጣሊያኖች «ቱቦ» ነው፤ ከላቲኑ «ቱቡስ» የወረደ፣ ሮማውያን በጦር ሜዳ ይነፉት ለነበረው ረጅም መለከት «ቱባ» የቅርብ ዘመድ። አማርኛችን የሰውነትን የራሱን መስመር «ቧንቧ» ሲል፣ ማለትም የምግብ ቧንቧ፣ የአየር ቧንቧ፣ ከውጭ ለሚገባው ግን «ቱቦ» ማለቱ ደስ ይለኛል። ሁለቱን የሚያምታታ ቤተሰብ አላጋጠመኝም።

የሚያምታቱት የፊደል ስሞቹ ናቸው። ሐኪሞቹ በኮሪደር «ኤንጂው ይቆይ»፣ «ፔግ ይሠራላቸው»፣ «ጄ ያስፈልጋል» ይላሉ፤ አስታማሚው ሦስት ስም ሰምቶ ሦስት ዓይነት ሞት ያስባል። ስሞቹ ግን ሲፈቱ የመንገድ ምልክት ናቸው፦ በየት እንደ ገባና የት እንዳረፈ ይናገራሉ። ኤንጂ «ናዞጋስትሪክ» ነው፤ «ናሱስ» በላቲን አፍንጫ፣ «ጋስቴር» በግሪክ ሆድ። ጨጓራ የሚያመን ሁሉ «ጋስትራይትስ» ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ ያረፈ ቱቦ፣ በቃ። ቆዳ ሳይቀደድ ስለሚገባ ለጥቂት ሳምንታት የሚመረጠው እርሱ ነው። መንገዱን ስቶ ሳንባ ገብቶ እንዳይሆን ግን ከመጀመሪያው ምግብ በፊት በራጅ፣ ወይም የተቀዳውን ፈሳሽ አሲድነት በመለካት መረጋገጥ አለበት።

በማሸጊያው ላይ «12 ፍሬንች» የሚል አየሁ። ቱቦው ከፈረንሳይ የመጣ መስሎን ነበር። ውፍረቱ ነው፤ ቁጥሩን ለሦስት ሲያካፍሉት ሚሊሜትሩ ይወጣል፣ 12 ፍሬንች ማለት 4 ሚሊሜትር። መለኪያውን የሠራው በፓሪስ የሕክምና መሣሪያ አምራች የነበረው ትውልደ ስዊዙ ጆዜፍ ሻሪየር ነው። ስሙ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ምላስ ስለከበደ አገሩን ጠሩበት ይባላል፤ ፈረንሳዮቹ ግን እስከ ዛሬ «ሻሪየር» ይሉታል።

ከሁሉ የወደድኩት ቃል «ስቶማ» ነው። በግሪክ አፍ ማለት ነው። ቁስጥንጥንያን በጵጵስና የመራውን ዮሐንስን ግሪኮች ስለ ስብከቱ ጣዕም «ክሪሶስቶሞስ» አሉት፤ የእኛ ሊቃውንት ቃል በቃል መለሱትና «አፈ ወርቅ» ሆነ። እንግዲህ «ጋስትሮስቶሚ» የሚለውን የሐኪም ቃል ለመተርጎም አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም፤ መንገዱን ግእዝ ቀድሞ ጠርጎታል፦ የሆድ አፍ። አማርኛም ለአፍ ስስታም አይደለም፤ ለጠርሙስ፣ ለጉድጓድ፣ ለጠመንጃ ሳይቀር አፍ ሰጥቷል።

የሆድን አፍ በሰው ላይ መጀመሪያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1849 በስትራስቡርግ የነበረው ቀዶ ሐኪም ሻርል ሴዲዮ ነው። በሽተኛው አልተረፈም፤ ከዚህ ሕክምና ተርፎ የተነሣ ሰው ለማየት ሩብ ምዕተ ዓመት ጠየቀ። ሴዲዮ ሥራውን ሲሰይም ከስቶማ ጋር «ፊስቱላ»ንም አክሎበት ነበር። ይህን ቃል አገራችን በወላድ እናቶች መከራ ነው ያወቀችው፤ የሐምሊን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆስፒታል በስሙ ይታወቃል። በላቲን ግን ፊስቱላ መቃ፣ የእረኛ ዋሽንት ማለት ነበር። ሐኪሞች ቀዳዳውን በዋሽንት መሰሉት። ሕይወትን የሚያመሰቃቅል ቁስልና ሕይወትን የሚያቆይ መግቢያ አንድ ስም መጋራታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

አክስቴ ሳምንታት አልፈው መዋጥ ስላልተመለሰላት «ፔግ» ተባለላት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ካስማ ማለት ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ወንድሜ ሆዷ ላይ የሚተከል ነገር መስሎት ደነገጠ። ፊደሎቹ ግን የረጅም ስም ምህጻር ናቸው፦ «ፐርኩታኔየስ ኢንዶስኮፒክ ጋስትሮስቶሚ»። «ኩቲስ» ቆዳ፣ «ኤንዶን» ውስጥ፣ «ስኮፔይን» መመልከት። በቆዳ አልፎ፣ ውስጥ እየታየ የሚከፈት የሆድ አፍ። ማይክል ጋውደረርና ጄፍሪ ፖንስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ይህን ሲጀምሩ ታካሚያቸው ሕፃን ነበር። መብራት ያለው መመልከቻ በአፍ ያወርዳሉ፤ ብርሃኑ በሆድ ቆዳ ላይ በታየበት ነጥብ በመርፌ ይወጉና ቱቦውን በክር ስበው ያወጡታል። ሆድ በሰፊው መቀደድ ቀረ። ቱቦው ድንገት ከወጣ ግን አዲሱ አፍ በሰዓታት ውስጥ መጥበብና መዘጋት ስለሚጀምር በሽተኛውን ወዲያው ሆስፒታል ማድረስ ነው።

እናቴ አጥሚት አጥልላ ብታመጣም በቱቦው እንዳትሰጥ ተከለከለች፤ ይደፍነዋል። የተፈቀደው ምግብም ወደ ላይ እየተመለሰ ሲያስቸግራት ሐኪሞቹ የቱቦውን ጫፍ ከጨጓራ አሳልፈው ወደ ታች አወረዱት። «ጄ» ያሉት ይህ ነበር፤ «ጄጁነም»፣ የትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል። ከእርሱ በላይ ያለው «ዱዎዲነም» የተሰየመው በርዝመቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ጣት። ጄጁነምን ግን የጥንት ግሪክ ሐኪሞች በድን ሲከፍቱ ባዶውን ስላገኙት «ኔስቲስ» አሉት፣ ጾመኛ። ሮማውያን ወደ ቋንቋቸው መለሱት፤ ፈረንሳዮች ምሳቸውን የሚጠሩበት «ዴዠኔ»ም ከዚሁ ሥር ጾም መፍታት ማለት ነው።

ጨጓራ ጎተራ ነው፤ አንድ ሲሪንጅ ሙሉ በአንዴ ተቀብሎ ያቆያል። ጾመኛው አንጀት አያከማችም፤ የመጣውን ያሳልፋል። በብዛት ከተደፋበት ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ስለዚህ ምግቡ በሰዓታት ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው። እናቴ ዝግታው አስጨንቋት «እህቴን በረሃብ ልትገድሏት ነው» እያለች መቆጣጠሪያውን ልትነካ ስትል የአንጀቱን ስም ፈታሁላት። እጇን መለሰች።

«ጾመኛ ከሆነማ» አለች፣ ወንበሯን ወደ አልጋው እያስጠጋች፣ «ጾም የሚፈታው ቀስ ተብሎ ነው።»