ሁለት ሰማያት፣ አንድ ፍርሃት

የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ሲሟገቱ ያዳመጠ ሰው የሁለት ጎረቤት መንግሥታት መልእክተኞች ስለ ወሰን የሚከራከሩ ሊመስሉት ይችላሉ። የብሪታንያው «ዶክተር ሁ» እና የአሜሪካው «ስታር ትሬክ» በአንድ ታሪክ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉን? ቢገናኙስ የማን ሕግ ይጸናል? የማንስ ጠላት ይበረታል? እኔ በሙያዬ ሐኪም፣ በኑሮዬም ስደተኛ ነኝ። ይህን ክርክር ለዓመታት የተከታተልሁት ሁለቱንም ማንነቴን የሚነካ ቁም ነገር ስላገኘሁበት ነው።

በቅድሚያ የትውልዳቸውን ነገር እናንሣ፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ዶክተር ሁ» በቢቢሲ መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነበር። እስከ 1989 ዘልቆ ተቋረጠ፤ በመካከሉ ከታየው የ1996 ፊልም በቀር እስከ 2005 አልተመለሰም። «ስታር ትሬክ» በበኩሉ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በኤንቢሲ ጀምሮ በ1969 ቢቆምም፣ በ1987 «ቀጣዩ ትውልድ» በሚል ስም በአዲስ ባለታሪኮች ተነሣ። የመጀመሪያው ጀግና አገሩን ጥሎ በሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን የሚዞር፣ ማዕረግም አለቃም የሌለው መንገደኛ ነው። የሁለተኛው ጀግኖች ግን የመርከብ አዛዦችና መኮንኖች፣ የአንድ ትልቅ ኅብረት አገልጋዮች ናቸው። አንዱ ከሥርዓት ያመለጠ፣ ሌላው ሥርዓት የሚያቆም ነውና ወዳጆቻቸው እንዴት ሊስማሙ ይችላሉ?

ይገናኛሉ የሚሉት ወገኖች ማስረጃ አያጡም። በ1988 በታየ አንድ የ«ቀጣዩ ትውልድ» ክፍል ውስጥ፣ በመርከቡ መስኮት ላይ የአንዲት ሴት የዘር ሐረግ ሲታይ፣ ዶክተሩን ሆነው የተጫወቱ ተዋንያን ስሞች በዝርዝሩ ተጽፈው ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በ2005 የታየውን የ«ዶክተር ሁ» ክፍል ይጠቅሳሉ፤ በዚያ የዶክተሩ ባልደረባ ሮዝ ስፖክን በስም ታነሣዋለች። ስፖክ በዚያ ዓለም የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርይ ከሆነ፣ ሰው ከገዛ ቴሌቪዥኑ ወጥቶ ከመጣ እንግዳ ጋር እንዴት ማዕድ ይቀርባል? 

ለዚህ ሙግት መላ የተገኘለት በ2012 ነው። አይዲደብልዩ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ባወጣው ስምንት ክፍል ያለው የሥዕል ታሪክ፣ ሁለቱ ዓለማት የተለያዩ ሆነው ሳለ የሚለያቸው ግድግዳ ሲፈርስ ይታያል። የታሪኩ ርእስ «አሲሚሌሽን» የሚለው ቃል ነው፤ በላዩም የሁለት ቁጥር እንደ ሒሳብ ርቢ ተጭኖበታል። ግድግዳውን የሚያፈርሱት የ«ዶክተር ሁ» ሳይበርመኖችና የ«ስታር ትሬክ» ቦርጎች ናቸው። ሁለቱም ሥጋን ከብረት የቀላቀሉ፣ የያዙትን ሁሉ እንደ ራሳቸው የሚያደርጉ ፍጡራን ናቸው።

ማን ከማን ቀዳ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ወዳጆችን ያጨቃጭቃል። ሳይበርመኖች በኦክቶበር 1966፣ ቦርጎች በሜይ 1989 ስለ ታዩ፣ ወደ 23 ዓመት የሚጠጋ ታላቅነት ለእንግሊዞቹ ይሰጣል። ነገር ግን የቦርጎች ፈጣሪ ሞሪስ ኸርሊ መጀመሪያ ያሰባቸው እንደ ነፍሳት ነበር፤ ሐሳቡ የተለወጠው ወጪው ስለ ከበደ ነው። ስለዚህ እኔ ከመቅዳት ይልቅ የአንድ ፍርሃት ሁለት ልደት ነው እላለሁ።

የዚያን ፍርሃት ምንጭ ለማየት የሳይበርመኖችን ፈጣሪ ማወቅ ይበቃል። ኪት ፔድለር በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ተቋም ተመራማሪ የነበረ ሐኪም ነው፤ ፍጡራኑን ከደራሲው ጄሪ ዴቪስ ጋር ሲያስባቸው፣ የሰውን አካል ክፍል በክፍል እየለወጥን ብንሄድ መጨረሻው ምን ይሆናል ብሎ ነበር። ጥያቄው ከባዶ አልተነሣም። በ1954 በቦስተን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎ ነበር፤ በ1958 በስዊድን የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በሰው ገላ ውስጥ ተቀበረ፤ በ1960 «ሳይቦርግ» የሚለው ቃል ተፈጠረ። ሳይበርመኖች በታዩ በዓመቱ፣ በ1967 መጨረሻ፣ በኬፕ ታውን የሰው ልብ ወደ ሌላ ሰው ደረት ተዛወረ።

የሙያ ባልደረባዬን ፍርሃት ባከብርም፣ በመደምደሚያው አልስማማም። ደረቱ ውስጥ ባትሪ የተቀበረለት ሰው የልጅ ልጁን ሲያቅፍ ፍቅሩ አይቀንስም፤ ብረት ሰውነትን አይሰርቅም። በሕክምናና በሳይበርመን መካከል ያለው ድንበር ፈቃድ ነው። የታማሚው እሺታ ካልቀደመ የሐኪሙ ቢላዋ ከወንበዴው ቢላዋ በምን ይለያል? በ1990 በታየው የ«ቀጣዩ ትውልድ» ታሪክ ቦርጎች ካፒቴን ፒካርድን ማርከው በግድ አፈ ቀላጤያቸው ሲያደርጉት የሚዘገንነን፣ በፊቱ ላይ የተተከለው ማሽን ሳይሆን ማንም ሳይጠይቀው መተከሉ ነው። በ2012ቱ የሥዕል ታሪክም ሳይበርመኖች ቦርጎችን ከድተው ሲያሸንፏቸውና ቦርጎች ርዳታ ሲለምኑ፣ ፒካርድ አሻፈረኝ ማለቱ ከዚያ ቁስል የመጣ ነው።

«አሲሚሌሽን» ለእኛ ለስደተኞች የቴሌቪዥን ቃል ብቻ አይደለም። የተቀበለን አገር ምሁራን ስለ እኛ ሲጽፉ የሚጠቀሙበት ቃል ነው፤ በአማርኛ «መዋሐድ» ብንለው ይለሰልሳል፣ «መዋጥ» ብንለው ይመራል። ሁለቱ ትርጉሞች የሚለያዩት በዚያው በፈቃድ ነው። ልጆቻችን የአገሩን ቋንቋ ወደው ሲያጌጡበት መዋሐድ ነው፤ በገዛ ስማቸው እንዲያፍሩ ሲደረግ ግን መዋጥ ነው። እኛም ብንሆን ያለ ውዴታቸው አባቶቻቸውን ምሰሉ ብለን ስናስገድዳቸው ያው ሥራ መሆኑን አንርሳ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን አድገናል፤ እውነት ነው። ቦርግም ያበረ ድር ነው። ተረቱ ያልነገረን፣ እያንዳንዱ ክር ለመታሰር ተጠይቆ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ነው። ሁለቱ ሰማያት ቢገናኙ ማን ያሸንፋል ብለው የሚሟገቱ ወጣቶችን ባገኝ የምመልስላቸው በዚህ ነው፤ ተጠይቀው የገቡበትን ኅብረትና ሳይጠየቁ የተዋጡበትን ለይተው ያውቁ ዘንድ።