ነግ በኔ፦ ለማይታወቅ እንግዳ የተተወ ስንቅ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደ ሰው የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሻንጣው ፊት ቆሞ ይቸገራል። ግማሹ ያለቀ የዘይት ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ ፓስታ፣ ለሦስት ቀን ፀሐይ የተገዛ ባርኔጣ፣ ተነቦ ያለቀ ልብ ወለድ፣ ልጆቹ የተጫወቱበት ኳስ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ይዞት እንዳይሄድ ቦታ የለውም፤ እንዳይጥለው ያሳሳዋል። በመጨረሻ «የሚመጣው ሰው ይጠቀምበት» ይልና ቁም ሣጥን ውስጥ ትቶት ይወጣል። ለዚሁ ሲሉ አንድ መደርደሪያ ወይም ሣጥን የሚያዘጋጁ የመዝናኛ ሥፍራዎችም አሉ።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ለሚመጣው ሰው ትቶ መሄድና ጥሎ መሄድ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ባለቤቱ «ስጦታ» ያለውን፣ ክፍል የምታጸዳው ሴት «ቆሻሻ» ልትለው ትችላለችና። ይህ ጥያቄ የሰው ነፍስ የሚያድንና የሚያጠፋ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ነበር። ታሪኩም ሱቅም ሆነ ገበያ ፈጽሞ በማይታሰብበት፣ በምድራችን ሁለት ጫፎች የተፈጸመ ነው።

የፓሪ ቆርቆሮዎች

እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ አናት ዞሮ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚያሻግር የመርከብ መንገድ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በ1824 ለዚሁ ጉዳይ ኤድዋርድ ፓሪ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን «ሄክላ» እና «ፊዩሪ» የተባሉ ሁለት መርከቦች ይዞ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ፊዩሪን በሰመርሴት ደሴት ዳርቻ በረዶ ጨምቆ ሰባበራት። ሊጠግኗት ሞክረው አልሆነም። ስንቋና ዕቃዋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ ነበርና ሄክላ የሁለቱን መርከቦች ሰዎች ጭና ስትመለስ አብዛኛው እዚያው ቀረ። ከውስጡ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋና አትክልት ይገኝበታል። ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ ያን ጊዜ ገና አዲስ ብልሃት ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1829፣ ጆን ሮስ የተባለ ሌላ ካፒቴን በ«ቪክቶሪ» መርከብ በዚያው በኩል አለፈ። የጉዞውን ወጪ የሸፈነለት ፊሊክስ ቡዝ የተባለ የጂን ጠማቂ ሀብታም ነው። ሮስ ከቦታው ሲደርስ የፊዩሪ ስብርባሪ እንኳ የለም፤ በረዶው ወስዷታል። ዳርቻው ላይ የተደረደሩት ቆርቆሮዎች ግን እንዳሉ ናቸው። ተከፍተው ሲቀመሱም አልተበላሹም። ሮስ የሚያስፈልገውን ያህል ጭኖ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ቪክቶሪ በበረዶ ተያዘች። ሦስት ክረምት አልፎ አልለቀቃትም። በ1832 ሰዎቹ መርከባቸውን ጥለው በእግራቸው ወጡ። ወዴት? ወደ ፓሪ ቆርቆሮዎች ነዋ! እዚያ ደርሰው ከእንጨትና ከሸራ ቤት ሠሩና «ሰመርሴት ሀውስ» አሉት። በጀልባ ለማምለጥ ቢሞክሩም በረዶው መልሷቸው አራተኛውን ክረምት ፓሪ ትቶት በሄደው ስንቅ ገፉት። በነሐሴ 1833 «ኢዛቤላ» የተባለች ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አገኘቻቸው። ኢዛቤላ ሮስ ራሱ በ1818 ያዘዛት መርከብ ነበረች። ሊቀበላቸው የመጣው መርከበኛም «ካፒቴን ሮስ እኮ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» ብሎ ሮስን ራሱን ተከራክሮታል ይባላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባል አንድ ሰው አለ። የጆን ሮስ የወንድም ልጅ ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1825 በፊዩሪ ላይ መኮንን ነበር። ስንቁ ዳርቻው ላይ ሲቀር በቦታው ነበረ። ከሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ ስንቅ እየበላ ነፍሱን ካቆዩት አንዱም እሱ ነው። ለማን እንደሚቀር ሳያውቅ ትቶት የሄደው ለካ ለራሱ ኖሯል። አበው «ነግ በኔ» የሚሉት ይህን ይመስላል።

ቁልፉና መስኮቱ

ይኸው ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1841 ወደ ሌላው የምድር ጫፍ፣ ወደ አንታርክቲካ ዘልቆ በኋላ «ሮስ ደሴት» የተባለውን ምድር አየ። ከ60 ዓመት በኋላ ወደ ደቡብ ዋልታ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙ እንግሊዞች በዚያ ደሴት ላይ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ፣ ሦስት የእንጨት ቤቶች ሠሩ። የመጀመሪያውን ሮበርት ስኮት በ1902 «ሃት ፖይንት» ላይ አቆመው። ሁለተኛውን ኧርነስት ሻክልተን በ1908 «ኬፕ ሮይድስ» ላይ ሠራ። ሦስተኛው ስኮት ተመልሶ በመጣ ጊዜ በ1911 «ኬፕ ኢቫንስ» ላይ የተሠራው ነው። ሁሉም ሲለቀቁ ውስጣቸው ባዶ አልነበረም።

ሻክልተን በ1909 ከኬፕ ሮይድስ ሲለቅ ለ15 ሰው አንድ ዓመት የሚበቃ ስንቅ አስቀርቷል። ቤቱን ማዕበል እንዳይነቅለው የታሰረበትን ገመድ አጠበቀ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን የመጣ ሰው ሁሉ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ከደጅ ሰቀለው። ከውስጥም ያከናወኑትንና ለሚመጣው ሰው የሚጠቅመውን ሁሉ የሚገልጽ ደብዳቤ አኖረ። ስንቁ ለወደፊት መንገደኛ ትልቅ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል አስቦ ያደረገው መሆኑን በመጽሐፉ ገልጿል።

የሃት ፖይንቱ ቤት ዕጣ ግን ሌላ ነበር። የሻክልተን ሰዎች በመስኮት ገብተው ተጠልለውበት ሲሄዱ መስኮቱን አልዘጉትም። ስኮት በጥር 1911 ወደዚያ ቤት ቢመለስ ከወለል እስከ ጣሪያ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በረዶ ሞልቶት፣ በረዶውም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘው። ንዴቱን በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። በውስጡ የነበረው ዕቃ አልተሰረቀም። ነገር ግን ተቆፍሮ ካልወጣ በቀር የማይደረስበት ሆነ። እንግዲህ በአንድ ዘመቻ ውስጥ የተሰቀለው ቁልፍም፣ ክፍት የቀረው መስኮትም ነበሩ ማለት ነው። የስኮት ሰዎች በዚያው ዓመት በረዶውን ቆፍረው አወጡና ቤቱ እንደገና ሰው የሚያሳድር ሆነ። ያ ልፋት ለማን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

የአሥሩ ሰዎች ክረምት

ስኮትና አራት ጓዶቹ በጥር 1912 ከዋልታው ደርሰው ሲመለሱ በመንገድ አለቁ። የቀሩት ጓደኞቻቸው በጥር 1913 የኬፕ ኢቫንስን ቤት ከነተረፈው ስንቅ ዘግተው ወደ አገራቸው ሄዱ።

በ1914 ሻክልተን አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ተነሣ። እሱ በ«ኢንዱራንስ» መርከብ ከወዲያኛው የዌደል ባሕር በኩል ይነሣል። «ኦሮራ» የተባለችው መርከብ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ይዛ ወደ ሮስ ደሴት ትመጣለች። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሻክልተን በጉዞው መጨረሻ ስንቁ ሲያልቅበት የሚያነሣውን ምግብ በበረዶው ላይ በየርቀቱ እያኖሩ መመለስ ነው።

በግንቦት 1915 ማዕበል ኦሮራን ከነመልሕቋ ነቅሎ ወሰዳት። አሥር ሰዎች በየብስ ቀሩ። መርከቧን እንደ መጋዘን ሲጠቀሙባት ስለነበር ልብሱም፣ ነዳጁም፣ አብዛኛው ስንቅም ከእሷ ጋር ሄደ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸውን ያቆየው ቀደም ያሉት እንግዶች «አያስፈልገንም» ብለው የተዉት ዕቃ ነው። ኬፕ ኢቫንስ ላይ የስኮትን ምግብ በሉ። ከኬፕ ሮይድስ የጎደላቸውን አመጡ። ሃት ፖይንት ላይ በረዶው በተቆፈረለት ቤት አደሩ። ኧርነስት ጆይስ የተባለው አባላቸው ስኮት ከተወው አሮጌ የሸራ ድንኳን ሱሪ እየሰፋ አለበሳቸው። ትምባሆ ሲያልቅ ኧርነስት ዋይልድ ሻይ፣ ቡና፣ ሰጋቱራና የደረቀ ቅጠል ቀላቅሎ የሚጨስ ነገር ፈጠረላቸው። ለማገዶ «ሲል» የተባለውን የባሕር እንስሳ ስብ አነደዱ።

በሰው ትራፊ ለብሰውና በልተው የመጡበትን ሥራ ግን አልተዉም። በአራት ውሾች እየታገዙ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ እየጎተቱ ስንቁን አከታትለው አኖሩ። የመጨረሻውን በጥር 1916 ከቢርድሞር የበረዶ ግግር ግርጌ አደረሱ። በመልሱ ጉዞ ትኩስ ምግብ በማጣት የሚመጣው ስኩርቪ የተባለ በሽታ አደከማቸው። በየካቲት ማዕበል ድንኳን ውስጥ ዘግቶባቸው ሊያልቁ ሲሉ፣ ጠንከር ያሉት ሦስቱ ወጥተው ራሳቸው አስቀድመው ካኖሩት ክምር ደርሰው ምግብ ለጓደኞቻቸው አመጡ። ያም ሆኖ ቄሱ አርኖልድ ስፔንሰር ስሚዝ በመጋቢት ሞተ። በግንቦት ደግሞ መሪያቸው ማኪንቶሽና ሄይዋርድ ባልጠና በረዶ ላይ ወጥተው በዚያው ጠፉ።

ሻክልተንስ? ከቶ አልመጣም። ኢንዱራንስ በኅዳር 1915 በበረዶ ተደቁሳ ሰጥማለች። ጉዞው ሳይጀመር ቀርቷል። እነዚያ ሰዎች ነፍሳቸውን የሰጡበት ስንቅ ለማይመጣ እንግዳ የተቀመጠ ነበር። ሻክልተን ሮስ ደሴት የደረሰው በጥር 1917 ነው፤ የተረፉትን ሰባቱን ለመውሰድ፣ በኦሮራ ተሳፍሮ። ከስምንት ዓመት በፊት ቁልፉን ሰቅሎ ስንቅ ያስቀረው ለማይታወቅ እንግዳ ነበር። እንግዳው የገዛ ሰዎቹ ሆነው ተገኙ።

ዛሬ

በዛሬው አንታርክቲካ እንዲህ ያለው ልማድ ተከልክሏል። በ1991 ተፈርሞ በ1998 ሥራ ላይ የዋለው የማድሪድ ስምምነት ሰው ያመጣውን ትራፊ ይዞት እንዲመለስ ያስገድዳል። እነዚያ ቤቶች ቅርስ ሆነው ይጠበቃሉ። ጎብኚ ጫማውን አጽድቶ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ይገባል፤ አይቶ ይወጣል። አያነሣም፣ አያስቀምጥም። በኬፕ ሮይድስ ቤት ሥር በ2006 የታዩት የውስኪና የብራንዲ ሣጥኖች በ2010 ከበረዶው ሲወጡ ውስኪው ገና ፈሳሽ ነበር። በ2017 ደግሞ በኬፕ አዳር ከስኮት ዘመን የቀረ ኬክ ተገኘ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ኬኩ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም የሚበላ ይመስል ነበር ተብሏል።

ክልከላው ትክክል ነው። በዓመት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው በመርከብ እየመጣ እያንዳንዱ «ለሚመጣው ይሁን» እያለ አንዳንድ ነገር ቢያኖር ምድሪቱ የቆሻሻ ክምር ትሆን ነበር። ደግነቱ የሚሠራው እጥረት ባለበትና ዕቃው ለተቀባዩ በሚመች መልክ ሲቀመጥ ነው።

በመዝናኛ ሥፍራ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር ፓስታ የማንንም ነፍስ አያድን ይሆናል። መለኪያው ግን ያው ነው። ያልተከፈተ ነው ወይስ የተጀመረ? መቼ እንደተገዛ ተጽፎበታል? የሚመጣው ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጧል ወይስ ከአልጋ ሥር ተወርውሯል? ቤቱን የሚያጸዱት ሰዎች የታሰበውን ያውቃሉ? ፓሪ ተመልሶ የሚበላው ሰው ይኑር አይኑር አላወቀም፤ ቆርቆሮው የታሸገ ስለነበረ ግን ሰው አዳነ። ያ የሃት ፖይንት መስኮትም ክፉ ሰው ክፍት ያደረገው አይደለም። መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ በረዶውን ቆፍሮ ማውጣቱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጡት ተረፋቸው።