መዶሻው አንድ፣ መንገዱ ብዙ

እስቲ ፊርማችሁን አስር ጊዜ ፈርሙና አስተያዩት። ሁሉም የእናንተ ነው፤ ሁለቱ እንኳ ግን ቁርጥ አንድ አይሆኑም። ከዚህች ቀላል ነገር ተነስቶ ባሰበው ሀሳብ ስራውን ያጣ ሰው ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ሞስኮ ነው። ገጣሚው አሌክሲ ጋስትየቭ በ1920 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ማዕከላዊ የስራ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ምኞቱ ሰራተኛው እንደ ማሽን እንዲንቀሳቀስ ነበር። ሰልጣኙ ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን መዶሻ ጨብጦ፣ እጁ «ትክክለኛውን» ምት እስኪለምድ ድረስ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጉድ እኮ ነው!

በ1922 ኒኮላይ በርንሽታይን የሚባል ወጣት ሐኪም እዚያ ገባ። በሰራተኞች ክንድ ላይ ትንንሽ አምፖሎች እያሰረ የመዶሻ ምትን በፎቶ አጠና። ያየው ነገር የተጠበቀው አልነበረም። የሰለጠነ ሰራተኛ መዶሻው ሁልጊዜ ዒላማው ላይ ያርፋል፤ ክንዱ ግን በየምቱ ትንሽ በተለየ መንገድ ይሄዳል።

ለምን? እጅን አንድ ነጥብ ላይ ለማድረስ ሶስት ልኬት ይበቃል። ክንዳችን ግን ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ በሰባት አቅጣጫ ይታዘዛል። ስለዚህ ወደ አንድ ግብ የሚያደርሰው መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም። ለበርንሽታይን፣ ልምምድ የተሸመደደ መልስ መድገም ሳይሆን ጥያቄውን በየጊዜው እንደ አዲስ መፍታት ነው።

መጽሐፉ በ1947 ወጣ፤ በ1948 የስታሊንን ሽልማት አገኘ። በ1950 ግን ሁሉን በሪፍሌክስ የሚያስረዳው የፓቭሎቭ ትምህርት የመንግስት ቀኖና ሆነ፤ በርንሽታይንም ተወግዞ ቤተ ሙከራውን ተነጠቀ። በ1966 አረፈ። የማሽኑ አፍቃሪ ጋስትየቭም ቢሆን አልተረፈም፤ ገና በ1939 ተረሽኗል።

ሀሳቡ ግን አልሞተም። በአሜሪካው ኤምአይቲ ኔቪል ሆጋን፣ ሄርማኖ ክሬብስና ባልደረቦቻቸው ስትሮክ ክንዳቸውን ላሰነፈባቸው ሰዎች ሮቦት ሰሩ፤ በ1990ዎቹም ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። በኋላ የተሻሻለው አሰራር ከጋስትየቭ ማሽን ተቃራኒ ነው፤ ሮቦቱ ሰውየው እስኪሞክር ይጠብቃል፣ ሲያቅተው ብቻ ያግዘዋል። ተአምር ግን አይደለም። በ2010 በታተመ የ127 ሕመምተኞች ጥናት፣ ሮቦቱ በተመሳሳይ መጠን ከተሰጠ የባለሙያ ሕክምና አልበለጠም።

እንግዲህ እቤታችሁ ከስትሮክ የሚያገግም ሰው ባዶ ኩባያ ለማንሳት ሲታገል ካያችሁ፣ ቸኩላችሁ አትቀሙት። ጠብቁት። ካቃተው ያኔ እጃችሁን ታቀብላላችሁ።