ጌታ ያጣ ውሻ፤ ስለ ሆሳዕና ቤቶችና ስለ ውሾቻቸው የቀረበ አጭር ጥናት

የታሪክ ተማሪዎች ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ግብር ብዙ እንጽፋለን፤ ፈረስንና በቅሎንም ቢሆን ከዘመቻው ጋራ አያይዘን መጥቀሳችን አልቀረም። ስለ ውሻ እንጽፋለን ባልን ጊዜ ግን ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሣቁ፤ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለውንም ተረት ጠቀሱብን። እኛም ይህ ተረት የተተረተው በጤፍና በገብስ አገር መሆን አለበት ብለን መለስንላቸው፤ በእንሰት አገር ውሻ ከእርሻ ጋራ ብዙ ጉዳይ አላትና።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው፥ ውሻ ጌታ የሚያጣው እንዴት ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ጌታ ያጣውን ውሻ ወደ ግቢው የሚያስገባ ቤተ ሰብ በራሱ ላይ የሚጭነው ምንድን ነው? የሚል ነው። የምንናገርበትም አገር የተወለድንባት ሆሳዕናና በዙሪያዋ ያለው የሀዲያና የከምባታ ምድር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ማስረጃ የምናቀርበው በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር ነው።

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ አንጋጫ ወይም ወደ ዱራሜ የሚሄድ መንገደኛ ቤቱን ሳያይ አስቀድሞ እንሰቱን ያያል። ከቤቱ ፊት ሣር የለበሰ ደጅ አለ፤ ከጓሮው በኩል እንሰቱ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። በቀድሞው ሥርዓት ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ እበቱም ማለዳ ተጠርጎ ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል። እንሰት ከተተከለ በኋላ ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን እንደ ዐይነቱና እንደ አገሩ ብርድ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የጠፋ አንድ እግር እንሰት የአንድ ቀን ኪሣራ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ድካም ነው።

የዚህም ድካም ጠላቶች አብዛኞቹ የሌሊት ናቸው። ጃርት ሥሩን ቆፍሮ ይበላል፤ የዱር አሳማ ተክሉን ይገለብጣል፤ ጅብም ከብቱን ፈልጎ አጥሩን ይዞራል። ሰው በተኛበት ሰዓት ይህን ሁሉ የሚሰማ ውሻ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ውሻ የሚኖረው ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው ማለት ነው። ደመወዙም የቆጮ ፍርፋሪ፣ አጥንትና ከዝናብ የሚጠለልበት የጣራ ጫፍ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ለሆዱ ያደረን ሰው ለመንቀፍ ይነገራል። በገጠሩ ቤት ግን ተረቱ የውል ቃል ሆኖ ይታየናል፤ አንዱ ያበላል፤ ሌላው ይጮኻል።

ሽማግሎቻችን እንደሚነግሩን በመንደር ውሻ የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በጌታው ነው። ቡችላ በተወለደ ጊዜ ለዘመድና ለጎረቤት ይታደላል፤ ሰውም ውሻውን ባየ ጊዜ «የእገሌ ቤት ውሻ» ይላል። እንዲህ ባለ መንደር ጥፋት ያደረሰ ውሻ ወደ ማን ቤት እንደሚከሰስ ይታወቃል።

የሃይማኖት ሥርዓትም በዚሁ ላይ ድርሻ አለው። በአገራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ውሻን ከመኝታ ቤቱ ያርቃል፤ ነገር ግን ከደጁ አያባርረውም። በእስልምና ምራቁ እንደ ርኩስ ቢቈጠርም ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን የሚሆን ውሻ ማሳደር የተፈቀደ ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደሄደ ተጽፏል። ስለዚህ የውሻ ስፍራ በሁለቱም ዘንድ ከቤት ውጭ፣ ከአጥር ውስጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ጌታ ያጣ ውሻ የምንለውም ይህን በቤትና በአጥር መካከል ያለውን ስፍራ ያጣውን ነው።

ይህን ስፍራ ካሳጡት ነገሮች የመጀመሪያው የከተማ መቈርቈር ነው። ሆሳዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ በከተማዋ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አገሩን ከያዘ በኋላ ስፍራው የሹማምንት መቀመጫ ሆነ፤ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመንም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረ። ከሹመቱ ጋራ ገበያው፣ ሥጋ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ተከተለ። በዚህም ጊዜ ለውሻ አዲስ ነገር ተፈጠረ፤ ይኸውም ማንም ሳያበላው የሚበላበት ስፍራ ማግኘቱ ነው። ከሥጋ ቤት ደጅ የሚበላ ውሻ በበላበት ይጮኽ ዘንድ ቢፈልግ የሚጮኽለት አጥር የለውም። ውሉ በአንድ ወገን ፈረሰ ማለት ነው።

የዚህ ነገር ጉዳት ከሁሉ ቀድሞ በጕልህ የታየው በዋናው ከተማችን ነው። ጅብና ውሻ የአዲስ አበባን ቆሻሻ የሚያጠሩ የሌሊት ሠራተኞች እንደ ነበሩ የውጭ አገር መንገደኞች ጽፈዋል። ከተማዪቱ ገና ወጣት ሳለች በነሐሴ 1895 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶባት እንደ ነበር ተመዝግቧል። ሕዝቡ ለዚህ በሽታ እንደ እንዶድና እንደ ብሳና ባሉ ዕፅዋት ይታከም ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ ለተነከሰ ልጅ ክትባት ከሰጠ በኋላ አዲሱ ሕክምና በዓለም ተሠራጨ፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በስሙ የተጠራ ተቋም በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ክትባቱን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ተጀመረ። ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውና በሆድ ዙሪያ ለብዙ ቀናት የሚወጋው ክትባት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሏል።

ክትባቱ ለሰው ነበር፤ ለጌታ የለሽ ውሻ ግን የከተሞቻችን መልስ ለረጅም ጊዜ መርዝ የገባበት ሥጋ ሆኖ ቆይቷል። ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢስታንቡል ሹማምንት በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የመንገድ ውሾችን ሰብስበው ውሃና ምግብ ወደሌለበት የማርማራ ባሕር ደሴት አጋዙ፤ ውሾቹም በዚያ በረኃብና በጥም አለቁ። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ ኢስታንቡል ውሻ የሞላባት ከተማ ሆና ቆይታለች። ከዚህ የምንማረው ውሻውን ማጥፋት የቈሻሻውን ክምርና የጌታውን መጥፋት እንደማያስወግድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በእኛ ዘመን የመጣ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ከሚልኩት ገንዘብ ባለ ብረት በር ቤቶች ተሠርተዋል፤ በሌላ ወገን ግን የተዘጉና የተከራዩ ቤቶች በዝተዋል። ልጁ ይሄዳል፤ አባትና እናት ወደ ዘመድ ይጠጋሉ፤ ቤቱ ይከራያል። የቤት ዕቃ ከባለቤቱ ጋራ ይጫናል፤ ውሻው ግን ከደጁ ይቀራል። ተከራዩም «የእኔ አይደለም» ይላል። በሚስዮን ትምህርት ቤት በምንማርበት ጊዜ ማለዳ ስንሄድ ከተዘጋ በር ፊት ተኝተው የምናያቸው ውሾች ለምን ከዚያ እንደማይነሡ አይገባንም ነበር። ኋላ ግን የተኙት በበሉበት ደጅ መሆኑን ተረዳን።

ወደ ቤታችን የመጣው ውሻ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ዘመኑ 2004 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናብ ሲጥል በአጥራችን ቀዳዳ ገብቶ ከማገዶው ክምር ሥር ተኛ። አጥንቱ የሚቈጠር ሲሆን በአንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ነበረበት። አባታችን በሽታ ያመጣብናል ብሎ ዱላ አነሣ። በዚያ ሰሞን ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋራ የነበረችው አያታችን ግን፥

«ልጄ፣ ገመዱን አላየህምን? የታሰረ ውሻ ቤት ነበረው። ቤት የነበረው ደግሞ ቤት መጠበቅ አይጠፋውም» አለችው።

አባታችን ለእናቱ ቃል ዱላውን ቢያስቀምጥም የራሱን ሥርዓት ሠራ። ውሻው ከጓሮ ለብቻው እንዲታሰር፣ ልጆች እንዳይነኩት፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ተወስዶ እንዲከተብ አዘዘ። በነሐሴ ተከተበ፤ የክትባቱ ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋራ በአንድ ሣጥን ተቀመጠ። የተለየ ስም አላወጣንለትም፤ ውሻ ሁሉ እንደሚጠራው ቡቺ እያልን ጠራነው። በመስከረምም ጃርት እንሰታችንን መቈፈር ተወ፤ አያታችንም የሚገባውን ያህል እንደበላ መሰከረችለት።

በኅዳር ወር ግን የ7 ዓመት የጎረቤት ልጅ ኳሱን ለማውጣት እጁን በአጥሩ ቢያሾልክ ውሻው ነከሰው። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ታጠበ፤ ከዚያም ልጁ ወደ ሐኪም ተወስዶ በሆዱ መወጋት ጀመረ። ሐኪሙም ውሻው እንዳይገደል፣ ለ10 ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ አዘዘ። ምክንያቱም በሽታው በምራቁ ውስጥ ያለበት ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ 10ኛውን ቀን በጤና ያለፈ ውሻ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን ሊያስተላልፍ አይችልም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ምሽት አንድ የአባታችን ወዳጅ መጥቶ ምክር ሰጠ።

«የመንገድ ውሻ ነው በል። ማን ያውቃል? ዕዳው ካንተ ይወርዳል።»

ምክሩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሁላችንም ፍጻሜውን እናውቀው ነበር። ውሻው የመንገድ ነው ከተባለ በማግሥቱ በድንጋይ ይሞታል፤ ከሞተም ልጁን የሚያድነው የ10 ቀን ጥበቃ አብሮ ይቀራል። አባታችን ጥቂት ዝም ብሎ፥

«አምስት ወር ከደጄ በልቶ፣ ዛሬ የማን ነው ልበል?» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለሁለቱም ቤት ከባድ ነበሩ። የልጁ እናት በየማለዳው መጥታ ከአጥሩ ማዶ ትቆማለች፤ ውሻው ቆጮውን መብላቱን፣ ውሃውንም መጠጣቱን አይታ ሳትናገር ትመለሳለች። እናታችንም እሷ እስክትመጣ ድረስ የውሻውን ምግብ አታቀርብም ነበር፤ መብላቱን በዐይኗ እንድታይ ብላ ነው። ዐሥረኛው ቀን ባለፈ ጊዜ ሐኪሙ የልጁን መርፌ አቆመ። አባታችን የሕክምናውንና የመጓጓዣውን ወጪ ከፈለ። በአጥሩም ቀዳዳ ላይ የሁለቱ ቤት ሰዎች አብረው እንጨት መቱበት።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ውሻ ወዳዶች መሆናችንን ለማሳየት አይደለም። ከላይ የጠየቅነውን ሁለተኛ ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። በቍጥር 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው አምልጦት ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ብዙ ገጽ አለ፤ በቤታችን ግን በመካከላቸው የነበረው አምስት ወር ብቻ ነው። አባታችን ሕጉን አላነበበም፤ የመንደሩን ውል ግን ከእናቱ ተምሮታል።

ለመጀመሪያው ጥያቄም መልሳችን ይኸው ነው። በሀዲያና በከምባታ ገጠር ውሻን ባለ ጌታ ያደረገው ፍቅር ሳይሆን እንሰቱ፣ አጥሩና የጎረቤት ምስክርነት ነበር። በከተማ እነዚህ ሦስቱ ሲላሉ ውሻው ጌታ አጣ። የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች ድርጅቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በውሻ ምክንያት በሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዐላማ ይዘዋል፤ ለዚህም ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ይህን ያህል ውሻ ለመከተብ ግን ገመዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። መርዝ ጌታን አይፈጥርም፤ ክትባትም ያለ ጌታ በየዓመቱ ወደ ውሻው አይደርስም። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ጌታ ያጣ ውሻ ሲያስገባ የሚሠራው የርኅራኄ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቱ ልጅ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ማድረጉ ነው።

ቡቺ ከዚያ በኋላ በቤታችን አርጅቶ ሞተ፤ የተቀበረውም በጓሮው ከእንሰቱ መካከል ነው። ከጉራጌ፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከጌዴኦ የመጡ ጓደኞቻችን የየአገራቸውን የእንሰት ቤትና የውሻ ልማድ ከሽማግሎቻቸው ጠይቀው ቢጽፉልን ይህን አጭር ጥናት ለማስፋትና ስሕተት ካለበትም ለማረም ይጠቅመናል። ዕረፍት ቅርብ ነው፤ ጥያቄውም ከደጅ ይጀምራል፤ «ይህ ውሻ የማን ነው?»