«ድካም ነው» ብለን አንለፈው

«ነገር ይጠፋብኛል፣ ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ «ድካም ነው» ትባላለች።

በ1873 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ጋል ፊታቸው ያበጠ፣ ንግግራቸውና ሐሳባቸው የተንቀረፈፈ ሴቶችን ሕመም ጽፎ አሳወቀ። ምክንያቱ የታይሮይድ ዕጢ መድከም መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንዲት የ46 ዓመት ታማሚን ከበግ ታይሮይድ በተዘጋጀ መርፌ ማከም ጀመረ። ተሻላት፤ ከዚያም 28 ዓመት ኖረች።

ዛሬ ሕክምናው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። አንገት ላይ እንቅርት ባይታይም ዕጢው ሊደክም ይችላል። ደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርትና ማረጥም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ስለዚህ ስሜቱ ከሰነበተባችሁ ሐኪም አማክሩ፤ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።