ከኃይል ማግስት፦ «ተሃኑ» እና የአንባቢዎቹ ሁለት ቅሬታዎች

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለግዊን የኧርዝሲን ደሴቶች ታሪክ በሦስት መጻሕፍት የቋጨችው መስሎ ነበር። «የኧርዝሲ አስማተኛ» በ1968 እ.ኤ.አ.፣ «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971፣ «ከሁሉ የራቀው ዳርቻ» በ1972 ወጡ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ «ተሃኑ» ሲታተም ግን ከታሪኩ ጀግና ከጌድ ጋር ያደጉ ብዙ አንባቢዎች ቅር ተሰኙ። መጽሐፉ የኔቡላን ሽልማት ማግኘቱም ቅሬታውን አላበረደውም። ይህ ቅሬታ እንደ አንድ ነገር እየተቆጠረ ይወገዛል ወይም ይደገፋል። በእኔ ንባብ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ መሠረት የለውም፣ ሌላው አለው።

ሊቀ አስማተኛው ጌድ በነገሮች እውነተኛ ስም ነፋስንና ባሕርን ያዝዝ ነበር። በ«ተሃኑ» ውስጥ ኃይሉ ተሟጦ፣ በዘንዶ ጀርባ ወደ ትውልድ ደሴቱ ወደ ጎንት ይመለሳል። የንጉሡ መልእክተኞች ሲፈልጉት አፍሮ ይሸሸጋል፤ ተራራ ወጥቶ ፍየል ይጠብቃል። ደራሲዋ ጀግናውን አዋረደችው የሚለው ወቀሳ የመጣው ከዚህ ነው። ይሁንና የጌድን ኃይል የጨረሰው «ተሃኑ» አይደለም። በሕያዋንና በሙታን ዓለም መካከል የተከፈተውን በር ሲዘጋ ያለውን ሁሉ የሰጠው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። እዚያ ታሪኩ በክብር ስንብት ስለሚያበቃ፣ አንባቢው የመሥዋዕቱን ውበት ይዞ ይወጣል፤ ዋጋውን አያይም። ለግዊን የጻፈችው ስለ ማግስቱ ነው። ኃይሉ መላ ማንነቱ የነበረ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል? ይህን መጠየቅ የቀደመውን ታሪክ ከልብ ማመን ነው፤ አራተኛው መጽሐፍ ሦስተኛውን ከብዙ አድናቂዎቹ ይበልጥ አምኖበታል።

ቴናርም እንዲሁ ናት። በሁለተኛው መጽሐፍ ከመቃብሮቹ ጨለማ የወጣችው ልጅ እዚህ ባሏ የሞተባት የገበሬ ሚስት ናት፤ እሳት ውስጥ ተጥላ የተረፈች ቴሩ የምትባል ሕፃን ታሳድጋለች። ደራሲዋ አራተኛውን መጽሐፍ ቀደም ብላ ጀምራ መቀጠል አቅቷት እንደተወችው፣ ቴናር ለምን ያን ሕይወት እንደመረጠች ገና ስላልገባት እንደነበር ተናግራለች። የሮክ የአስማት ትምህርት ቤት ሴት እንደማይቀበል፣ የመንደር ሴቶች ጥበብም የተናቀ እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ተጽፏል። ብዙ አንባቢ ሳያስተውል አልፎታል።

ሁለተኛው ቅሬታ ከበድ ይላል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ታላቅነት ክፋትን ያስቀመጠበት ቦታ ነው፤ ጌድን የሚያሳድደው ጥላ ጌድ ራሱ በእብሪቱ የለቀቀው ነው፤ የሚያሸንፈውም በገዛ ስሙ ሲጠራው ነው። በ«ተሃኑ» ግን አስፐን የተባለው አስማተኛ ቴናርን በድግምት ፈቃዷን ነጥቆ ሲያዋርዳት፣ ጥላቻው ከየት እንደበቀለ ከውስጡ አናይም። የሚጠላ ሰው ነው፣ በቃ። ቴሩ ዘንዶውን ካሌሲንን ትጠራለች፤ አስፐንና ሰዎቹ በእሳት ያልቃሉ። ሕፃኗ ከዘንዶዎች ጋር ያላት ምሥጢራዊ ዝምድና ቀደም ብሎ በጥንቃቄ ስለተጠቆመ የዘንዶው መምጣት ዱብ ዕዳ አይደለም። ቢሆንም ያለ ኃይል መኖርን ያን ያህል በትዕግሥት የመረመረ ድርሰት፣ ጭንቁን በሌላ የገዘፈ ኃይል ሲገላገል ድካም ይታይበታል። እዚህ ላይ የተከፋ አንባቢ የተከፋው ለግዊን ራሷ ባስተማረችው መለኪያ ነው።

«ተሃኑ» የመጨረሻው የኧርዝሲ መጽሐፍ ተብሎ ቢታተምም በ2001 ሌሎች ሁለት ተከተሉት። ከእነዚህ «ሌላው ነፋስ» የሙታንን ደረቅ ምድር የከለለው ግንብ ከጥንት አስማተኞች የሞት ፍርሃት የመነጨ መሆኑን ይገልጣል፤ ግንቡም ይፈርሳል። እዚህ ጥፋቱ እንደገና ሰው ሁሉ በራሱ ውስጥ ከሚያውቀው ፍርሃት ይወለዳል። አስፐን የጎደለው ይህ ነበር።